ስም አውጣልኝ አለችኝ

ዛሬ ማታ የድሮ የላብ (የላብራቶሪ) ጓደኛዬ አዲሱን ቢዝነስ ካርዷን ፎቶ አንስታ በዊቻት ላከችልኝ። ሼንዘን ስራ ገብታለች። በአንዱ ገፅ የቻይንኛ ስሟ፣ በሌላው «ሊዲያ ዣንግ» ይላል። ሊዲያን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፣ የሷን ግን ቻይና፣ ዉሃን ከተማ፣ ካንቲን ውስጥ ኑድል እየበላሁ እኔው አወጣሁት።

ማስተርሴን ልማር የሄድኩ ጊዜ ላቡ ውስጥ ኬቨን አለ፣ ዊንዲ አለች፣ አፕል የምትባልም ነበረች (አዎ፣ ፍሬው)፣ ሊዲያ ደግሞ ያኔ «ሰቨን» ነበር የምትባለው፣ ሰባት ቁጥር። ምነው ሰባት ስላት ልጅ እያለን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ስም ምረጡ ሲለን ቃሉ ደስ ስላለኝ ነው አለች፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር አሳዘኑኝ፣ ለፈረንጅ ምላስ ብለው ስማቸውን ጣሉ ብዬ ነበር በልቤ፣ እና አንድ ቀን ጀግና ልሁን ብዬ እኔስ በራስሽ ስም ነው የምጠራሽ አልኩና ዣንግን ትቼ የራሷን ስም ብቻ ጮክ ብዬ ጠራኋት። ማንዳሪን (ዋናው ቻይንኛ) የቃሉን ትርጉም የሚቀይር አራት ቶን፣ ማለት የድምፅ ቅላጼ፣ አለው፣ እኔ አምስተኛ ጨመርኩበት መሰለኝ። ላቡ ጭጭ አለ። እሷ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፣ ኬቨን በሳቅ ሞተ።

ኋላ ኬቨን ነው ያስረዳኝ። እነሱ ጋ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ እሱን ትተህ የሰውየውን ስም ብቻ ስትጠራ ወይ እናቱ ነህ ወይ ፍቅረኛው ወይ የልብ ጓደኛው። ሙሉውን ስትጠራ ደግሞ ስም ጥሪ ላይ ያለ አስተማሪ ወይ የተናደደች እናት ትመስላለህ። ላብ ውስጥ ቀድማህ የገባችው «ሺጂዬ» ናት፣ እንደ እህትአለም ነገር፣ አለቃ ከሆነ ዋንግ ማናጀር፣ ሊ ፕሮፌሰር ምናምን። ድሮማ ወንድ ልጅ 20 ዓመት ሲሞላው «ዚ» የሚባል ሁለተኛ ስም ይወጣለት ነበር፣ እኩዮቹ በሱ ይጠሩታል፣ የተወለደበት ስም ለወላጅና ለታላላቆቹ ይቀመጣል። የንጉሡን ስም ጭራሽ መጻፍም ነውር ነበር። ታዲያ ኬቨን ማለት ለኬቨን ደጃፍ ላይ የሚደረግ ጫማ በለው፣ ቤት ሲገባ ያወልቀዋል።

ይሄን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። አባቴን አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ «የዳዊት አባት» ነው የምትለው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ሲባሉ ስማቸውን ጣሉ ያለ የለም እኮ።

ግን ሁሉንም በባህል አላልፈውም። ሆንግ ኮንግ እስከ 1997 በእንግሊዝ እጅ ነበረች፣ እዛ ብዙውን ልጅ ፒተር ያስባለው ትምህርት ቤት ነው። አዲስ አበባ በ2019 እ.ኤ.አ. መጥቶ የነበረው፣ በኮሮና ጊዜ ማስክና መመርመሪያ የላከልን ጃክ ማ፣ ስሙ ማ ዩን ነው፣ ልጅ እያለ ሃንግዡ ከተማ እንግሊዝኛውን ለመለማመድ ቱሪስት ሲያስጎበኝ አንዷ ናት ጃክ ያለችው፣ የሱ ስም ለአፏ ስለከበዳት። የሚገርመው ሰውየው በመሰረተው አሊባባ (የኢንተርኔት ገበያው ካምፓኒ) ውስጥ ለሰራተኛው ከማርሻል አርት ልብወለድ የተወሰደ ቅፅል ስም እንዲወጣ አደረገ፣ አለቃና ሰራተኛ በማዕረግ እንዳይጠራሩ። እንግሊዝኛ ስምም የውጭ ካምፓኒ ውስጥ ስራው ይኸው ነው፣ ዋንግ ማናጀርን ፒተር ብለህ ትገላገላለህ። አሜሪካ ሆኖ ሲቪዬን እንዳይጥሉት ብሎ የሚቀይር ግን ሌላ ነው፣ እሱን ምርጫ አልለውም፣ ዲሲ ያሉት የኛዎቹም ያውቁታል።

ብቻ ሰቨን ኢንተርቪው ሲደርስባት ስሜ የልጅ ሆነ፣ አንተ እንግሊዝኛ ታውቃለህ፣ ስም አውጣልኝ አለችኝ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ምን የእንግሊዝ ስም አውቃለሁ! የአክስቴ ልጅ ሊዲያ ትዝ አለችኝ፣ የሰቨን የቻይንኛ ስም ውስጥም «ሊ» የሚል ድምፅ አለ። ትርጉሙን ስትጠይቀኝ የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችውን ነገርኳት፣ ቀይ ሐር ሻጭ ናት አልኳት። ሐር? ብላ ሹካዬን ቀማችኝና «ሐሩማ ከኛ ሀገር የሄደ ነው፣ እንግዲህ ስሙም የኛ ነው» አለች።

እኔም እኮ እዛ «ዳዌይ» ነበርኩ፣ ዴቪድን እንደዛ ነው የሚሉት፣ አስተማሪያችን በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ባንክ ስሄድ ፓስፖርቴ ላይ መጨረሻ ያለውን አይታ በአያቴ ስም ከምትጣራው ልጅ ዳዌይ በስንት ጣዕሙ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አላዘነልኝም፣ እኔም ለራሴ አላዘንኩም።

ካርዱ ስር «ዳዌይ፣ እንዴት ነው?» ብላለች። አሪፍ ነው ሺጂዬ፣ አልኳት።