ከዳርቻው በፊት ቱቦው

የተወለድኩት ከቀበና ድልድይ እምብዛም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው፤ ዛሬም ከዚያ ሰፈር አልወጣሁም። ወንዙን ከመልኩ ይልቅ በጠረኑ አውቀዋለሁ። በክረምት ጎርፉ ስለሚጠርገው ይቀልላል፤ ከጥር እስከ ግንቦት ግን፣ በተለይ ፀሐይ በበረታችበት ከሰዓት በኋላ፣ መስኮት አያስከፍትም። አያቴ በሕይወት ሳለች «እኛ እዚያ ድንጋይ ላይ ነጠላ አጥበን፣ ቁጥቋጦው ላይ አስጥተን፣ እስኪደርቅልን እግራችንን ውሃው ውስጥ ነክረን እንጫወት ነበር፤ ሸርጣን ጣታችንን ይዞ ያስለቅሰን ነበር» ስትለኝ፣ ነጠላውን አምኜ ሸርጣኑን ግን እንደ ተረት እሰማው ነበር።

በ2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ዕቅድ ይፋ ሲደረግ፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻ ይለማል ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የከተማችን ዳርቻዎች መለወጣቸውን መካድ ንፉግነት ነው። ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ ገደል የእግር መንገድና መቀመጫ ሲኖረው፣ ሽማግሌዎች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲንሸራሸሩበት ማየት ደስ ያሰኛል፤ እኔም ራሴ ማታ ማታ እሄድበታለሁ። ነገር ግን የወንዝ ዳርቻን ማልማትና ወንዝን ማዳን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በግንበኛና በአትክልተኛ እጅ በጥቂት ዓመታት ያልቃል። ሁለተኛው የሚጀምረው ዓይን ከማያየው ቦታ፣ ከመሬት በታች ካለው ቱቦ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቀላል። የወንዝ ፍጥረታት የሚተነፍሱት ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ንጹህ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ውሃ ከ7 ሚሊ ግራም ብዙም አያልፍም። ወንዞቻችን ገና ሲፈጠሩ ትንፋሻቸው አጭር ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ከቤት የሚወጣ ያልተጣራ ፍሳሽ አንዱ ሊትር፣ ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ቆሻሻ በልተው እስኪጨርሱ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ይፈጃል። አንድ ሊትር ፍሳሽ ወደ 30 ሊትር የሚጠጋ ንጹህ ውሃ ትንፋሽ ይጨርሳል። በመጋቢት ወር ቀበናን ያየ ሰው ለእያንዳንዱ ሊትር ፍሳሽ 30 ሊትር የምንጭ ውሃ ከየት ይመጣል ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ለማግኘት አይቸገርም።

ይህን ስል ጣቴን ወደ ፋብሪካ ብቻ እየቀሰርኩ አይደለም። የእኛ ግቢ ስድስት አባወራ የሚጋራው አንድ ሽንት ቤት ነበረው። ጉድጓዱ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ማስመጣት ገንዘብ ይጠይቃል፤ መኪናውም በጠባቡ ቅያስ አይገባም። ስለዚህ ሐምሌ ሲገባ፣ ከባድ ዝናብ በጣለበት ሌሊት፣ ከግቢው ወንዶች አንዱ ተነስቶ ወደ ጎርፍ መውረጃው የሚወስደውን መክፈቻ ያላቅቀው ነበር። ጠዋት ማንም ስለ ጉዳዩ አያነሳም። አባቴም በተራው አድርጎታል፤ እኔም ባትሪ ይዤለታለሁ። በየሰፈሩ ስንት ግቢ እንዲህ ያደርግ እንደነበር የሚያውቀው ወንዙ ብቻ ነው። ይህን ያደረግነው ወንዙን ጠልተን ሳይሆን ሌላ መውጫ ስላልነበረን ነው፤ ስለዚህም ቅጣት ብቻውን፣ ቱቦ ሳይዘረጋ፣ ሰውን ከመክፈቻው የሚያርቅ አይመስለኝም።

የለንደኑ ቴምዝ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የከተማዋ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1957 ወንዙ ሕይወት አልባ ሆኗል ብሎ ነበር። ቴምዝን ከዚያ ሁኔታ ያወጣው የዳርቻው ውበት አልነበረም፤ ቤክተንና ክሮስነስ የሚባሉት ሁለት ግዙፍ የፍሳሽ ማጣሪያዎች መሻሻላቸው ነው። ለብዙ ትውልድ ጠፍቶ የቆየው ሳልሞን የተባለው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1974 እዚያው ወንዝ ውስጥ ተገኘ። እኛም በቃሊቲ በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ ተደርጎ የተስፋፋ ማጣሪያ አለን። ማጣሪያ ግን የሚያጣራው የደረሰለትን ነው፤ ከቤቱ እስከ ዋናው መስመር ያለው የመጨረሻው ሃምሳ ሜትር ካልተገናኘ ፍሳሹ የሚያውቀውን ቁልቁለት ይዞ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

አሁን ብዙም የማይነገርለትን ነገር ላንሳ። በበጋ በከተማው መሃል ወንዞች ውስጥ ሲፈስ የምናየው ውሃ አብዛኛው ፍሳሽ ነው። ሁሉንም ቱቦ በአንድ ሌሊት ብንዘጋው ወንዙ ይነጻል፤ ግን ወዲያው ይደርቃል። በደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል መሃል የሚያልፈው ቾንግጌቾን የተባለው ወንዝ፣ በላዩ የነበረው መንገድ ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ2005 5.8 ኪሎ ሜትር ያህሉ ዳግም ሲከፈት፣ የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ የሚመጣ ነበር፤ በቀን 120,000 ቶን ገደማ። ያማረ ነው፤ ለእኔ ግን ወንዝነቱ ከፏፏቴ ያጌጠ የአደባባይ ገንዳ ብዙም የሚለይ አይደለም። ለእኛ የሚሻለው መንገድ ዝናቡ መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ማድረግና በደንብ የተጣራውን ውሃ መልሶ ለወንዙ መስጠት ነው። እንጦጦ ላይ ባህር ዛፉ በጥድ፣ በወይራና በኮሶ እየተተካ ሲሄድ ከሥር የሚበቅለው ሣርና ቁጥቋጦ የክረምቱን ውሃ ያዝ ያደርገዋል፤ ምንጩም በበጋ ትንሽ ይበረታል። በአንጻሩ ከተማው ውስጥ በየቀኑ የምናነጥፈው አስፋልትና ንጣፍ ዝናቡን በአንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ይለቅቀዋል፤ ጎርፉ ይከብዳል፣ ጎርፉን ለመቋቋም ግንብ ይገነባል፣ ግንቡ ደግሞ ውሃውን የባሰ ያፈጥነዋል።

ግንብ የሚያስፈልግበት ቦታ መኖሩን አልክድም፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ የሚኖር ሰው ቄጠማ ይበቃሃል ቢባል መሳቁ አይቀርም። ቢሆንም ቦታ ባለበት ሁሉ ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ ጠመዝማዛውን መተው ይገባል። ውሃ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ሲወርድ አየር ይስባል፤ አጭር ትንፋሽ ላለው ወንዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አኻያና ሸምበቆ ሥራቸው አፈሩን ይይዛል፣ ጥላቸው ውሃውን ያቀዘቅዛል። እንደ ምንጣፍ የተነጠፈው፣ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣው ከውጭ የመጣ ሣር ግን ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም።

እኛ ያልከፈልነውን ዕዳ የሚቀበለው ታችኛው ተፋሰስ ነው። ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽ ነው። ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት አባ ሳሙኤል ዛሬ በእንቦጭ የሚታወቀው ከላይ በምንልክለት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እንቦጩን በእጅ መንቀል ይቻላል፤ ምግቡ እስካልተቋረጠ ድረስ ግን ይመለሳል። ምግቡ ከተቋረጠም በኋላ ደለሉ ውስጥ የተከማቸው ፎስፈረስ ለዓመታት ወደ ውሃው ሊመለስ ይችላል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም ደግሞ እንደ ቤት ፍሳሽ በባክቴሪያ ተበልቶ አያልቅም፤ በደለሉ ይቀመጣል፣ ያንን ውሃ በሚጠጣ የአትክልት ማሳ ውስጥም ይገባል። መርካቶ ሰላጣና ቆስጣ የሚገዛ ሰው የዚህ ወንዝ ጉዳይ አይመለከተኝም ሊል አይችልም።

ያለፈውን ጥቅምት፣ ውሃው ከጠራ በኋላ፣ ከእንጦጦ እግር ተነስቼ የቀበናን ገባር ይዤ ቁልቁል ወረድኩ። በየመቶው እርምጃ ድንጋይ እየገለበጥኩ ሥሩን አያለሁ። ላይኛው ክፍል ላይ ከድንጋዩ ጋር የተጣበቁ፣ ሦስት ቀጭን ጭራ ያላቸው እጮች አሉ፤ እነዚህ ብዙ ኦክስጅን ካላገኙ የማይኖሩ ትንንሽ በራሪዎች ልጆች ናቸው። ድልድያችን አጠገብ ያገኘሁት ግን ደም የመሰሉ ቀያይ ትሎችን ብቻ ነበር፤ ቅላታቸው ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃ ውስጥ ጥቂቷን ለማጠራቀም ከሚረዳቸው ሄሞግሎቢን የመጣ ነው። ከሁለቱ መካከል ወሰኑ የት እንደሆነ ለማወቅ ተመልሼ ወጣሁ። የመጨረሻዎቹን ባለ ሦስት ጭራ እጮች ያገኘሁት ከአንድ የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ቱቦ አሥር እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ከቱቦው በታች ያለው ድንጋይ ሥሩ ጥቁር ነበር። ከቱቦው በላይ በር ላይ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙ እናት «ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ። ሸርጣን እየፈለግሁ እንደሆነ ስነግራቸው አልሳቁም፤ «ወደ ላይ ውጣ፣ እዚህ ድሮ ነበረ» አሉኝ።