የማን ነበር? የአሮጌ ግጥም መጻሕፍት ነገር ከጅማ

ስጀምር የምለቅመው የመጀመሪያ እትም ብቻ ነበር። አሁን ግን አንድ አሮጌ የግጥም መጽሐፍ እጄ ሲገባ ቶሎ የምፈልገው የቀድሞ ባለቤቱን ነው። ማን ገዛው? ለማን ሰጠው? ማን እያነበበ አሰመረበት? ዘንድሮ በዚህ በኩል የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ፈረንጆቹ በዚህ መንገድ ሩቅ ሄደዋል። በእጅ ማተሚያ፣ በምርጥ ወረቀት፣ በጥቂት ቅጂ የሚወጣ የግጥም መጽሐፍ እዚያ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። የዊልያም ሞሪስ ኬልምስኮት ማተሚያ ቤት በ1896 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጥንቱ እንግሊዛዊ ገጣሚ የቾሰር ሥራዎች ጥራዝ በወረቀት የታተመው 425 ቅጂ ብቻ ነው። የገጣሚውን የቲ. ኤስ. ኤልየትን ረጅም ግጥም «ዘ ዌስት ላንድ»ን በ1923 እንግሊዝ ውስጥ በመጽሐፍ ለማውጣት የማተሚያውን ፊደል አንድ በአንድ በእጇ የለቀመችው ራሷ ደራሲዋ ቨርጂኒያ ዉልፍ ናት። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በዚያ ላይ የታወቀ ሰው እጅ ካለፈበት ዋጋው አይቀመስም። በመምህር ደመወዝ በሩቁ ማየት ነው።

ባለቤትነትን መጽሐፍ ላይ መጻፍ ለእኛም አዲስ አይደለም። ብራናዎቻችን ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚል እናገኛለን። የሰረቀውም የፋቀውም ይወገዝ ነው ነገሩ። ስም ፍቆ የራስ ማድረግ ያኔም ነበረ ማለት ነው። ብራና ግን አልገዛም። ቅርስ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ። ሰው ይዞልኝ ቢመጣ እንኳ ወደ ደብሩ ውሰደው ነው የምለው።

ጅማ ለወረቀቱ መጽሐፍ ትመቻለች። የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች ሹሙም፣ ዳኛውም፣ መምህሩም ተመድቦ ይመጣባት ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ደግሞ ከየአቅጣጫው ሰው ሰበሰበ። ሰው ሲዛወር ልብሱን ይዞ መጽሐፉን ዘመድ ቤት ትቶ ይሄዳል። መጽሐፉ ቆጥ ላይ ይከርማል። አንድ ቀን ቤት ሲጸዳ ለቆራሌው ይሰጣል። እዚያ ካልደረሳችሁበት ቀጣዩ ጣቢያ የቆሎ መጠቅለያ ነው። ስለዚህ እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ ከሚዞሩ ቆራሌዎች ጋር ተስማምቻለሁ። መስመሩ አጫጭር የሆነ መጽሐፍ ሲያዩ ይደውሉልኛል። አንዱ በዚህ መለኪያ የስልክ ማውጫ አምጥቶልኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሻጭ ሁሉ «የትልቅ ሰው መጽሐፍ ነው» ይላል፤ ዋጋውም አብሮ ይተልቃል። እኔ ወሬውን ሰምቼ መጽሐፉን እጠይቃለሁ። ማኅተሙ ላይ «ጠቅላይ ግዛት» ካለ የንጉሡ ዘመን ነው። «ክፍለ ሀገር» ካለ ደርግ ነው። የማስታወሻው ጽሑፍ «ለክቡር ፊታውራሪ» ብሎ ከጀመረ ከአብዮቱ በፊት የተጻፈ መሆኑን እጠረጥራለሁ፤ ከዚያ በኋላማ በማዕረግ መጠራት አደጋ ነበር። በ1920ዎቹ ተፈረመ የተባለ ፊርማ በእስክሪብቶ ከሆነ ዝም ብዬ እመልሳለሁ፤ ያኔ እንዲህ ያለ እስክሪብቶ ገበያ ላይ አልነበረም። ከሁሉ የምወደው ግን መሸፈኛውን ነው። ድሮ መጽሐፍ በጋዜጣ ይለበድ ነበር። ልባዱ አዲስ ዘመን ከሆነ ቀኑ ተጽፎበታል፤ መጽሐፉ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተለበደ ይመሰክራል። እባካችሁ ልባዱን ቀዳችሁ አትጣሉ!

የገጣሚ ፊርማ አለበት ሲሏችሁ ደግሞ የገጣሚውን ዕድሜ አስታውሱ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ያረፈው በ1973 ዓ.ም. ነው። የግጥም ስብስቡ የታተመው ከዚያ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «በራሱ እጅ የተፈረመ» ብሎ ያቀረበልኝ ሰው አጋጥሞኛል። ስቄ ሻይ ጋበዝኩት።

የዘንድሮ ትልቁ ግኝቴ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» ነው፤ የ1966ቱ። ሽፋኑ የለም፣ ጥራዙ ላልቷል። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ግን ፊርማ አለ። በየስንኙ ላይ ደግሞ በእርሳስ የተደረጉ ትናንሽ ጭረቶች አሉ። መጀመሪያ ሕፃን የጫረው መስሎኝ ነበር። ስቆጥር ጭረቱ ከስምንተኛው ቀለም፣ ማለትም ከስምንተኛው የድምፅ ምት ላይ ነው የሚያርፈው። ሰውየው «የጸጋዬ ቤት» የምንለውን፣ በየስምንት ቀለሙ የሚከፈለውን የግጥም ልክ እየለኩ ነበር! አንድ ቦታ ልኩ ሳይመጣላቸው ሲቀር ዳር ላይ «ጎደለች» ብለው ጽፈዋል። እኔ ስቆጥራት አልጎደለችም። ሳድሷን ፊደል አንዴ ቆጥረው አንዴ አልፈዋት ነው። ከሞቱ ሰው ጋር መከራከር እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

ፊርማውን ይዤ ሽማግሌዎች ጠየቅኩ። የቀድሞ ዳኛ ናቸው አሉኝ፤ በዚህ ከተማ በቅኔያቸው የታወቁ። ወሬ ብቻ ስለማይበቃኝ ልጃቸውን አፈላልጌ አገኘሁ። እሳቸውም የአባታቸውን ደብዳቤዎች አውጥተው አሳዩኝ። ፊርማው አንድ ነው፤ የ«ሐ» አጣጣሉም ያው። ቤተሰቡ ስላልፈቀደ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። መጽሐፉን ልመልስ ብላቸው «አንተ ጋ ይሻለዋል» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ያልተነበበ የሚኒስትር መጽሐፍ ከዚህ የዳኛ መጽሐፍ አይበልጥም። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበትን ደግሞ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ካላየሁ አልነካም። የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጅማ እርጥበት ጠይቃችሁኝ ነበር። ዝናቡ ረጅም ነው፤ ሻጋታ ዋናው ጠላቴ ነው። መጽሐፍ በፌስታል አትቋጥሩ፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍናል። መደርደሪያዬን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጌዋለሁ። ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጎረቤቱ ሁሉ ያጠራቅምልኛል። የሻገተውን ጥላ ላይ አድርቄ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ውጭ በለስላሳ ብሩሽ አራግፈዋለሁ። የተቀደደ ገጽ ላይ ፕላስተር አለጥፍም፤ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። የእኔን ማስታወሻ የምጽፈው በሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ማን ሸጠልኝ፣ ከየት ወጣ፣ ምን አየሁበት።

አሁን የያዝኩት አንድ ስሙ የተፋቀ ማስታወሻ ነው። «ለፊታውራሪ» ይላል፣ ቀጥሎ በምላጭ ተፍቋል። ጎኑ ላይ ሞላላ ወይን ጠጅ ማኅተም አለ፤ «ከፋ» የሚለው ብቻ ይነበባል። እንዲህ ዓይነት ሞላላ ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ያላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። በቀን ብርሃን ይሁን፣ ፍላሽ አታብሩ።