በብርድ ማመካኘት

ጉሙ ዛሬ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ዋጠው። እንዲህ ባለ ቀን ደሴ ውስጥ ሥራ የለም፤ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ብርዱን ያማል። ጉልበት ቢቆረጥም ብርድ፣ ወገብ ቢይዝ ብርድ፣ ሆድ ቢነፋ ብርድ። ስለ ዝናቡና ስለ ቡናው ሁለት መስመር ጽፌ ልተኛ ነበር። ግን አንድ ሐሳብ ጎተተኝ። የኛ ከተማ ወንድ ሌሊት አራቴ ለሽንት ተነስቶም «ብርዱ ነው» ብሎ ተመልሶ ይተኛል።

ክፋቱ፣ ብርዱ ውሸት አይደለም። ሰውነት ሲበርደው ቆዳ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደሙ ወደ መሀል ይሰበሰባል፣ ኩላሊትም ፈሳሽ የበዛ መስሎት ያወጣል። በሐምሌ ሌሊት አንዴ መነሳት ያለ ነው። ሰውየው ኮምቦልቻ ልጁ ቤት ሲያድርስ? 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐረጎን ወርዶ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ አንሶላ የሚከብድበት አገር። እዚያም አራቴ ከተነሳ ብርዱ ነጻ ወጣ።

ቶሎ ቶሎ መሽናትና ብዙ መሽናት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በስሜት አይለዩም፣ በመለካት ነው። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አንገቱ መጥበብ የሚጀምርበት ላይ ይቆረጥና ጠርዙ በፕላስተር ይሸፈናል። ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አሥር ጊዜ ውሃ ተሞልቶ ሲገለበጥበት 100 ሆነ፤ እዚያ ላይ በማርከር ማስመር። እንዲህ እያሉ እስከ 600። (ክዳን ያለው ሃይላንድ ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ከተገኘ ሕፃን ልጅ ምን እንደሚያደርገው ይታወቃል፤ ስለዚህ አንገቱ ይቆረጥ።) ከዚያ ለሦስት ቀን፣ ተከታታይ ባይሆንም፣ ሰዓቱ፣ መጠኑና የተጠጣው ነገር ይጻፋል።

ስህተት የሚበዛው ጠዋት ላይ ነው። ነቅተው የሚሸኑት የመጀመሪያው ሽንት ሌሊት የተጠራቀመ ስለሆነ መጠኑ ከሌሊቱ ጋር ይደመራል። ሊተኙ ሲሉ የሸኑት ግን የቀኑ ነው። ይህን ያገላበጠ ሰው ሂሳቡ ሁሉ ይፈርስበታል። ለሱብሂ የሚነሳውም ይጠንቀቅ፤ አዛኑ ቀስቅሶት ከሸና «ሽንት ቀሰቀሰኝ» ብሎ አይቁጠረው።

በየጊዜው 100፣ 120 ብቻ እየወጣ ሰባት ስምንቴ የሚመላለስ ከሆነ ኩላሊቱ ሽንት አላበዛም፤ ጤነኛ ፊኛ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ችግሩ ያለው ፊኛው ወይም በሩ ላይ፣ ማለትም ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ ባለበት መውጫው ላይ ነው። ቀንም ሌሊትም 400 እየሞላ በ24 ሰዓት ከ3 ሊትር ካለፈ፣ በተለይ ጥማትና ክሳት ካለ፣ መጀመሪያ ስኳር ይታይ። በባዶ ሆድ ተለክቶ በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ስኳር ነው።

ብዙ ሰው የሚያታልለው ግን ቀን ደህና ሆኖ ሌሊት ብቻ የሚበዛው ነው። ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከቀንና ሌሊቱ ሽንት ከሲሶ በላዩ ሌሊት ከወጣ ፕሮስቴቱን ለጊዜው ትቶ እግሩን ይመልከት። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጦ የዋለ ሰው ፈሳሹ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይከማቻል፤ ሲጋደም ወደ ደም ይመለስና በኩላሊት ይወጣል። የቅልጥሙን አጥንት በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲለቅ ጎድጉዶ ከቀረ እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ እግርን ከፍ አድርጎ አንድ ሁለት ሰዓት መጋደም ሌሊቱን ያቀለዋል። እብጠቱ አዲስ ከሆነ ወይም አቀበት ላይ ትንፋሽ ማጠር ከጀመረ ግን ልብ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ለደም ግፊት የታዘዘለትን የሚያሸና ኪኒን ማታ እየዋጠ እንቅልፍ አጣሁ የሚልም አለ፤ ሐኪም በሌላ መንገድ ካላዘዘ በቀር ጠዋት ነው የሚዋጠው።

ወደ በሩ ልመለስ። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧውን ከቦ የተቀመጠ ዕጢ ነው፤ በወጣትነት 20 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ40 በኋላ ከመሀሉ ማደግ ይጀምራል፤ 60 ዓመት አካባቢ ግማሽ ያህሉ ወንድ ላይ ይገኛል። ቆሞ ሽንቱ እስኪጀምር መጠበቅ፣ ኃይሉ መድከም፣ መሀል ላይ መቋረጥ፣ ጨርሶም ያልጨረሰ መምሰል ከዚህ ይመጣል።

ሱሪው ከታሰረ በኋላ ጠብ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የፕሮስቴት ጥፋት አይደለም። ከቆለጥ ጀርባ በሚታጠፈው ቧንቧ ውስጥ የቀረ ሽንት ነው። ውዱእ ፈረሰብኝ እያለ የሚመላለስ ስንት አባት አለ! ሽንት ካለቀ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ፣ ሁለት ሦስት ጣት ከቆለጥ ከረጢት ኋላ አድርጎ፣ ወደ ላይ ቀስ ብሎ እየተጫኑ ወደ ፊት መሳብ ነው፤ ሁለት ሦስቴ። የቀረው ይወጣል። ብልትን ማራገፍ ትርፉ ድካም ነው፤ ሽንቱ ያለው ከዚያ ኋላ ነውና።

ጫቱንም ዘልዬ አላልፍም፤ ወሎ ነን። በውስጡ ያለው ካቲኖን የፊኛ አንገት ጡንቻን ያጠብቃል። በርጫ ላይ ውሃው፣ ሻይውና ለስላሳው ሲጠራቀም በሩ ደግሞ ይጠባል። ለጉንፋን የሚወሰዱት ፕሱዶኤፌድሪን ያለባቸው ኪኒኖችም ያንኑ ያደርጋሉ። ፕሮስቴቱ ያደገ ሰው ጉንፋን ይዞት ኪኒን ይውጣል፣ ይቅማል፣ ከዚያ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ሽንቱን ቋጥሮ ይቀመጣል። ሲወርድ ጠብ አልል ይለዋል። ከእምብርቱ በታች ይወጠራል፣ ያስጨንቀዋል። ይህ እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ ቱቦ ገብቶ ሽንቱ መውጣት አለበት። «ውሃ ጠጣበት፣ ይግፋው» የሚል መካሪ ካለ አይሰማ፤ የተወጠረውን ፊኛ የበለጠ መወጠር ነው። ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብም ሁልጊዜ «ተከፈተልኝ» ማለት አይደለም፤ ፊኛው ሞልቶ እየተረፈው ሊሆን ይችላል።

ደምስ? ቀይ ሥር የበላ ወይም ለቲቢ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ቀላ ቢል አይደንግጥ። ያ ከሌለ ግን አንዴ ታይቶ ቢጠፋም፣ ባያምም ይመርመር። የፊኛ ካንሰር እንዲህ ብልጭ ብሎ ሊሰወር ይችላል፤ የሚያጨስ ሰው ላይ ጥርጣሬው ይበረታል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሽንቱ የቀጠነበት ሰው ካንሰር ነው ብሎ ይፈራል፤ የፕሮስቴት ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከቧንቧው ርቆ ከዕጢው ዳርቻ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሽንት አያውክም። አንዳንዱ ድምፁ የሚሰማው አጥንት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ተኝተውም የማይተው የወገብ ሕመም ሆኖ። ያንንም ብርድ እንለዋለን! አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ የታመመበት ሰው ከ45 ዓመቱ ጀምሮ ፒኤስኤ ስለሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ሐኪሙን ቢያማክር ደግ ነው። የሽንት ኢንፌክሽን ይዞት ወይም ቱቦ ገብቶለት ከነበረ ስድስት ሳምንት ያህል ይቆይ፤ ከምርመራው በፊት ለሁለት ቀን ከግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከብስክሌት ይራቅ። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ካንሰር ነው አይባልም። ያደገ ፕሮስቴትን ለማሳነስ የሚታዘዘውን ፊናስተራይድ የሚውጥ ሰው ደግሞ ይህን ሳይናገር እንዳይመረመር፤ መድኃኒቱ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ስለሚያወርደው ጤነኛ የሚመስል ውጤት ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ሐኪሙ «ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ?» ሲል ባል «አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ» ይላል። ሚስት አጠገቡ ካለች አራት ጣት ታነሳለች። እሷ ናት በሩ በተከፈተ ቁጥር የምትነቃው። ግን ማን ሚስቱን ይዞ ይገባል? ልጅ ነው የሚሸኘው፣ ልጁም ኮሪደር ላይ ይቀራል። «አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?» የሚል አፍ ያለው ልጅ በዚህ ከተማ አለ? ወይስ የተቆረጠውን ሃይላንድ ከነማርከሩ አልጋቸው ሥር አስቀምጦ ዝም ብሎ መውጣት ይሻላል?