አባዬ የሌለበት ፋሲካ

ዛሬ አባዬ የሌለበትን የመጀመሪያ ፋሲካ ዋልን። አርባውን ያወጣነው በጾሙ መሃል ነው። እማዬ አሁንም ጥቁር እንደለበሰች ናት። «ዘንድሮ ዶሮም አልሠራ» ብላ ነበር። እኛም እሺ አልን። ግን 55 ቀን የጾመ ሰው እንዴት በባዶ ቤት ይፈስካል? ትናንት ታናሽ እህቴ ዝም ብላ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። እማዬ ትንሽ አየቻትና ቢላዋ አንስታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱም አለቀሱ።

ሌሊት 9 ሰዓት አልፎ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ማዕዱ ቀረበ። እማዬ ወጡን ስታወጣ ከ12ቱ ብልት ፈረሰኛው እጇ ላይ ወጣ። እሱ ሁልጊዜ የአባዬ ነበር። ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች። ማናችንም አልተነፈስንም። ያቺን ደቂቃ መቼም አልረሳትም። ለታላቅ ወንድሜ ልታደርግለት ስትል «እኔ አልችልም እማዬ» አላት። ቆራርሳ በየተራ ሁላችንንም አጎረሰችን። እኔ ጋ ስትደርስ «በአባትህ ሞት» አለችኝ። ከአፏ ያመለጣት የድሮ ልማድ ነው። ተቃቅፈን አለቀስን።

ጠዋት ጎረቤቶች ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ከብዷቸው በሩ ላይ ቆሙ። አንዷ ግን አባዬ በግ ሲገዛ እንዴት እንደሚከራከር አወራችልን። እማዬ ሳቀች። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

አሁን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ጋቢው የአባዬ ነው።