ሽንሸናው ከውሃው ይጀምር

ሰሞኑን ቤት ለመሥራት በማኅበር የተደራጁ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ። ከረግረጉ ዳር ያለ፣ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ የተቀባ ቦታ አለ። ወደ መኖሪያ ይለወጥልን ብለን እናመልክት ወይስ ይቅርብን? ቅየሳ ሥራዬ ነውና መልሱን እዚሁ ልጻፈው፤ ጅማ ውስጥ ይህን የሚጠይቀው ሰው ብዙ ነው።

ባጭሩ፣ ከፍ ያለውን ክፍል ጠይቁ፣ ረግረጉን ተዉት።

መሬቱን ሁሉም ሄዶ የሚያየው በበጋ ነው። የካቲት ላይ ከብት የሚግጥበት ደረቅ ሜዳ ነው፣ ለመንገድም ቅርብ ነው፣ ማን ይጠላዋል? ግን ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ክረምት ላይ ይወርዳል። ከኮረብታው የሚመጣው ጎርፍና አዌቱ ወንዝ ሲሞላ የሚገፋው ውሃ እንደ ቦዬና ኪቶ ባሉ ረግረጎች ላይ ይተኛል፣ ደለሉን ያራግፋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ግልገል ግቤ ይወርዳል። ረግረጉ በሙሌት ከተደፈነ ውሃው የሰው ሳሎን ይገባል፣ ደለሉም ወደ ግድቡ ይሄዳል።

ክረምቱን መጠበቅ ካልቻላችሁ ጉድጓድ አስቆፍሩ። ወገብ ድረስ ይበቃል። ከሥር የሚወጣው አፈር ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ ደህና ምልክት ነው። ግራጫ ሆኖ፣ በውስጡ የዛገ ምስማር የተነቀለበት የሚመስል ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካለው ግን እዚያ ጥልቀት ላይ ውሃ ለረጅም ጊዜ ይቆማል ማለት ነው። አፈሩ አየር ሲያጣ ብረቱ ይሟሟል፤ ውሃው ሲሸሽ አየር በገባበት ስንጥቅ በኩል መልሶ ይዝጋል። ምድሩ ደርቆ ቢታይም ይህ ምልክት አይጠፋም። ጥቁር መረሬ ከሆነ ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። እሱን ቆፍሮ አውጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ በሚመጣ የሙሌት አፈር፣ መተካት ስንት እንደሚያስወጣ ቤት የሠራ ሰው ጠይቁ።

ማንም የማያነሳው የመጸዳጃው ጉዳይ ነው። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ሰፈር ሁሉም የሚጠቀመው በጉድጓድ ነው። ውሃ ቅርብ በሆነበት መሬት ደግሞ ጉድጓዱ ክረምት ላይ ከሥር በሚሰርግ ውሃ ይሞላና ወደ ግቢ ይገነፍላል፣ ወደ ጎረቤት የውሃ ጉድጓድም ይሻገራል። ልጆች የሚጫወቱት እዚያው ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ታዲያ ቤት አይሠራ ወይ? ይሠራል እንጂ! የአገራችን የከተማ ፕላን መርህ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። 10 ሄክታር ብታገኙ 3ቱ እንደሆነ ድሮም ቤት አይሠራበትም። በተለመደው ሽንሸና ግን ይሄ አረንጓዴ ተበጣጥሶ ከቦታ የተረፈ ጥጋጥግ ላይ ይጣላል፣ ቤቱ ደግሞ ረግረጉ ላይ ይወርዳል። ገልብጡት። መጀመሪያ ውሃው የሚተኛበት ይለካ፣ አረንጓዴው በሙሉ እዚያ ይዋል፣ ችካል የሚመታው ከዚያ በኋላ ነው። አልበቃ ካለ የእያንዳንዱን አባል ቦታ አጥብቡ። ለ200 አባል በ200 ካሬ 4 ሄክታር ያስፈልጋል፤ በ160 ካሬ 3.2 ይበቃል። ፎቅ ይጨመር፣ ማንም አባል ሳይቀነስ ቀሪው ለውሃው ይተርፋል።

የመሬት አጠቃቀም ለውጡንም በሰው በሰው ለማስጨረስ አትሞክሩ። በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው መሬት የትኛው ለምን እንደሚውል የሚያሳየው ፕላን፣ ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሕጋዊ ሰነድ ነው። በለውጡ ላይ ውይይት ሲጠራ ከረግረጉ ሣር የሚያጭዱትና ጡብ የሚሠሩት ሰዎችም ይጠሩ። እንጀራቸው እዚያ ነው፣ ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣም ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

እኔ በበኩሌ ነሐሴ ላይ መሣሪያዬን ይዤ ልለካላችሁ ዝግጁ ነኝ። እስከዚያ ማመልከቻውን አቆዩት። ስትመጡም ቦቲ አድርጋችሁ ኑ፣ ከሰፈሩ አዛውንቶች አንድ ሁለቱንም ለምናችሁ ይዛችሁልኝ ኑ።