ጻድቃኔ ማርያምን በእግር፦ ለጥቅምት 21 ለሚነሳ

በሰሜን ሸዋ ተጉለት ወዳለችው ደብረ ምጥማቅ ጻድቃኔ ማርያም ሕዝቡ የሚጎርፈው ለግንቦት 21 ንግሥ እና ለፍልሰታ ሱባኤ ነው፤ ያውም በመኪና። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በገጠሩ መንገድ በእግር መሳለም ለሚሻ ግን ከጥቅምት 21 የሚሻል ቀን የለም።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። ሜዳው መረሬ፣ ማለትም ሲርስ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር፣ ስለሆነ በሐምሌና በነሐሴ ጫማ ይነቅላል፣ ጅረቱም ይሞላል። በጥቅምት መንገዱ ይጠነክራል፤ ምንጩ ደግሞ ገና አልነጠፈም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፣ ውርጩም ይበረታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ዳገት መውጣት ለለመደ ካልሆነ ይከብዳል።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ ሰው ቢያንስ አንድ ሌሊት አድሮ ይነሳ። የመንገዱን ሰላምም እዚያው ያጣራ። ሜዳ ላይ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ ሸለቆ ሲገባ ግን 2 ብቻ ማሰብ ነው። ብዙ ሰው የሚመሽበት ሁሉንም እንደ ሜዳ ስለሚቆጥር ነው። ገበሬውን «ሩቅ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለእሱ ሁሉም ቅርብ ነው። «አሁን ብንነሳ በስንት ሰዓት እንገባለን?» በሉትና በሰጣችሁ ሰዓት ላይ ግማሹን ጨምሩ። በአዝመራ መሀል ማቋረጥ ነውር ነው፤ ድንበሩን ይዛችሁ ዙሩ።

ስንቅ ለአንድ ሰው በቀን 300 ግራም በሶና ሁለት ጭብጥ ቆሎ ይበቃል። በሶውን በትንሽ ጨው በጥብጡት፤ ላብ የወሰደውን ይመልሳል። ውሃ 2 ሊትር ያዙ። የምንጭ ውሃ ጥሩ ቢመስልም ከብት ይጠጣበታል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ከሌለ ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው።

እግር ውሃ የሚቋጥረው በአዲስ ጫማና በረጠበ ካልሲ ነው። የለመደ ጫማ አድርጉ፤ ቆዳው መቆጥቆጥ እንደጀመረ፣ ሳያብጥ፣ ፕላስተር ለጥፉበት። ሌሊቱን ጋቢ ብቻውን አይችለውም፤ ሹራብና ኮፍያ ጨምሩ።

ሲመሽ ወደ ግቢ ዘው አትበሉ፤ ውሻ አለ። ከሩቅ ቆማችሁ «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» በሉ። ተጉለት እንግዳ አይመልስም፤ እናንተም ከስንቃችሁ ስኳር ወይም ቡና አቅርቡ። የቤቱ እናት እግራችሁን ላጥባችሁ ካሉ አትከልክሏቸው፤ በረከት ነው የሚሉት።

ደብረ ምጥማቅ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተከሏት ናት። ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆና ትከበር ወይስ አትከበር የሚለው ክርክር የተፈታበት ጉባኤም በእሳቸው ዘመን በደብረ ምጥማቅ ተደርጓል።

ከደረሳችሁ በኋላ በላብ ወደ ጠበል አትሩጡ። ብርዱ የደከመ ገላ ላይ ሲያርፍ ያንዘፈዝፋል፤ አዛውንት ደግሞ ይጎዳበታል። ዕረፉ፣ አድራችሁ በጧት ሳትቀምሱ ግቡ። መቀየሪያ ልብሳችሁን ከቤት ስትነሱ በፌስታል ጠቅልሉት፤ በጤዛ የራሰ ልብስ ከጠበል ለወጣ ሰው አይረባም። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የምትወስዱም አታቋርጡ።