የብሪታንያ እግረኛ ወታደሮችን የኮሌታ ዓርማ መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

በድሮው የብሪታንያ እግረኛ ጦር የደንብ ልብስ ላይ፣ በኮሌታው ግራና ቀኝ የሚሰካውን ትንሽ የብረት ዓርማ አይቶ ባለቤቱ የየትኛው ሬጅመንት ወታደር እንደነበረ መለየትን የጀመርኩት በመቅደላ ዘመቻ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በጄኔራል ሮበርት ናፒየር አዝማችነት ወደ መቅደላ በዘመተው ጦር ውስጥ፣ ከብዙዎቹ የህንድ ወታደሮች ጋር፣ 4ኛው፣ 26ኛው፣ 33ኛውና 45ኛው የብሪታንያ እግረኛ ሬጅመንቶች ነበሩ። የእነዚህን አራት ቁጥሮች ዱካ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ለመከተል ስሞክር ሳላስበው ኮሌታ ተመልካች ሆንኩ።

በዚህ መንገድ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ መቅደላ የወጡት ወታደሮች የኮሌታ ዓርማ እንዳልነበራቸው ነው። በዚያ ዘመን ተራው ወታደር ሬጅመንቱ የሚታወቀው በልብሱ ቁልፎች ላይ በተቀረጸው ቁጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1871 ግን ባለ ቁጥሩ ቁልፍ ቀርቶ የንግሥቲቱ ዓርማ ያለበት አንድ ዓይነት ቁልፍ ለሁሉም ተሰጠ። የኮሌታ ዓርማ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ በ1870ዎቹ ሲሆን፣ መኮንኖች ደግሞ እስከ 1880 ድረስ ማዕረጋቸውን የሚያደርጉት በኮሌታቸው ላይ ስለነበረ ለሬጅመንት ዓርማ ቦታው የተለቀቀላቸው ማዕረጉ ወደ ትከሻ ከተዛወረ ወዲህ ነው። ስለዚህ በኮሌታው ላይ አንበሳ ወይም ዝሆን የሚታይበት ፎቶግራፍ «የመቅደላ ዘማች፣ 1868» ተብሎ ሲቀርብ፣ ሰውየው በእርግጥ ዘምቶ ሊሆን ቢችልም ፎቶግራፉ የተነሣው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ መለያ ዓመት 1881 ነው። የጦር ሚኒስትሩ ሂዩ ቺልደርስ ባካሄዱት ለውጥ ሬጅመንቶቹ በቁጥር መጠራታቸው ቀርቶ፣ አብዛኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተዋህደው የአውራጃ ስም ተሰጣቸው። የኮሌታና የእጅጌ ጫፍ ቀለምም በዚያው ተደነገገ፦ «ሮያል» የሚል ማዕረግ ላላቸውና ለመሰሎቻቸው ሰማያዊ፣ ለቀሩት የእንግሊዝና የዌልስ ሬጅመንቶች ነጭ፣ ለስኮትላንድ ቢጫ፣ ለአየርላንድ አረንጓዴ። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ከዓርማው ሥዕል ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ቀለም ነው፤ ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የጋራ ነውና።

ዝሆኑን እንውሰድ። 33ኛው ሬጅመንት ከ76ኛው ጋር ተዋህዶ የዌሊንግተን መስፍን ሬጅመንት ሲሆን፣ የቆቡ ዓርማ ከ33ኛው ወገን የመጣው የዌሊንግተን ቤተሰብ ምልክት ሆነ፤ በኮሌታው ላይ ግን በጀርባው ማማ የተሸከመ ዝሆን ተሰካ። ናፒየር ከባድ መድፎቹን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ ማምጣቱን የምናውቅ እኛ፣ ይህን ዝሆን ከመቅደላ ጋር ለማያያዝ ብንቸኩል አይፈረድብንም። ነገር ግን ዝሆኑ የ76ኛው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1803 በጄኔራል ሌክ ሥር በህንድ ለፈጸመው ጀብዱ በ1807 የተሰጠ ሲሆን፣ ያ ሬጅመንት ደግሞ መቅደላን አላየም። የ4ኛው ሬጅመንት አንበሳም እንዲሁ ከይሁዳ አንበሳ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1751 በወጣው የልብስ ደንብ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ ይገኛልና።

ስፊንክስ፣ ማለትም የሰው ራስና የአንበሳ አካል ያለው የጥንት ግብፅ ምስል፣ ከሁሉም የሚያደናግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1801 ፈረንሳዮችን በግብፅ ለተዋጉ ብዙ ሬጅመንቶች በአንድነት ስለተሰጠ፣ የሊንከንሻየርም የግሎስተርሻየርም ኮሌታ ስፊንክስ ነው፤ ሁለቱም ከ1881 በኋላ ነጭ ኮሌታ ስላላቸው ቀለሙም አይታደግም። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ከእንስሳው በታች ያለው ነው፤ የግሎስተርሻየሩ በሎረል ቅጠል ላይ ያረፈ ሲሆን፣ በዶርሴት ሬጅመንት ስፊንክስ ሥር ደግሞ «ማራቡት» (በግብፅ የሚገኝ ምሽግ ስም) የሚል ጽሑፍ አለ። ፊውዚለር (በድሮ የጠመንጃ ዓይነት ስም) የሚባሉት የእግረኛ ሬጅመንቶች ሁሉ ነበልባል የሚተፋ ቦምብ ስለሚያደርጉ ዓይን መትከል ያለበት በቦምቡ ሆድ ላይ ነው፤ በኖርዘምበርላንዱ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ይታያል፣ በመንስተሩ ላይ የህንድ ነብር፣ በደብሊኑ ላይ ነብርና ዝሆን አብረው።

ዓርማው በእጅ ከተገኘ ሥራው ይቀላል። እንስሳቱ በአብዛኛው ፊት ለፊት እንዲተያዩ ሆነው በጥንድ ስለሚሠሩ፣ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን የሚያዩ ከሆነ ከሁለት ጥንዶች የተለቀሙ ሳይሆኑ አይቀርም። ነሐስማ ጥቁር ቡኒ ቀለም ያለው የመኮንን የካኪ ልብስ ዓርማ ነው፤ ቀላልና የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው። ዘውድ ካለበትም ቅርጹ ዘመኑን ይናገራል፤ ከ1901 እስከ 1952 ባሉት ነገሥታት ዘመን ቅስቶቹ ወደ ላይ የተጠጋጉ ሲሆኑ፣ በዳግማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን መሐላቸው ስርጉድ ይላል። ከድሮ ቅርጽ እንደገና የተመታ ቅጂ በገበያ ላይ ስለበዛ፣ ከኋላ ያሉትን የማሰሪያ ቀለበቶችና ብየዳቸውን ሳያዩ መግዛት አይመከርም።

አሁን የምለማመደው በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ነው። የዚያ ዘመን የፎቶ ኬሚካል ቀይን ከእውነቱ አጥቁሮ፣ ሰማያዊን ደግሞ አፍዝዞ ስለሚያሳይ፣ ቀይ ኮትና ሰማያዊ ኮሌታ ተቀራራቢ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ ነጩ ኮሌታ ብቻ ሳያሻማ ይለያል። ስለዚህ ኮሌታው የጠቆረ ከሆነ «ሮያል» ከሚባሉት እጀምርና፣ ቀጥሎ አረንጓዴዎቹንና ቢጫዎቹን አያለሁ፤ ወደ እንስሳው የምመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከአራቱ የመቅደላ ሬጅመንቶች ለዚህ አሠራር የማይመቸው 26ኛው ነው፤ በ1881 ከ90ኛው ጋር ተዋህዶ የካሜሮኒያን ጠመንጃ አንጋቾች ሬጅመንት ሲሆን ቀዩን ኮት ጥሎ ጥቁር አረንጓዴ ስለለበሰ፣ ለእሱ የተለየ ሠንጠረዥ እያዘጋጀሁ ነው።